ትርፍ የመሰለችኝ የንባብ መስመር፦ አንድ የከርነል ድራይቨር ሳጸዳ የተማርሁት

ለሊኑክስ ከርነል (ለስርዓተ ክወናው እምብርት) የተጻፈ አንድ የቆየ ድራይቨር፣ ማለትም አንድን መሣሪያ የሚያሠራ ፕሮግራም፣ ለማጽዳት የተነሣሁት ድራይቨሩ ስለተበላሸ አልነበረም። እንዲያውም በደንብ ይሠራ ነበር፤ ችግሩ እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው አለመቅረቱ ነበር። ከርነሉ በተሻሻለ ቁጥር ድራይቨሩን ከአዲሱ እትም ጋር ለማስማማት የሚሞክር ሁሉ የሚነካው በፍርሃት ነው። ድራይቨሩ ስምንት ሲሪያል ፖርቶች (መረጃን ቢት በቢት የሚያስተላልፉ መገናኛዎች) ያሉትን አንድ የፒሲአይ ካርድ የሚያሠራ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ፖርት 16550 ከሚባለው የታወቀ ቺፕ ጋር የሚጣጣም ነው። ከፖርቶቹ ሌላ፣ ኢንተረፕት (ፕሮሰሰሩ እንዲያስተናግደው የሚጠራ ምልክት) ያነሣው የትኛው እንደሆነ የሚያሳይ አንድ የጋራ ሬጅስተር፣ ማለትም በቺፕ ውስጥ ያለ የሚነበብና የሚጻፍበት ትንሽ ቦታ፣ ካርዱ ላይ አለ። ኮዱ በአንድ ፋይል ውስጥ ወደ 2000 መስመር ይሆናል፤ ብዙ እጅ እንዳለፈበትም ከአጻጻፉ ይታወቃል።

መጀመሪያ ያስቸገረኝ የቁጥሩ ብዛት ነበር። አንድ ቦታ ላይ 96 የሚል ቁጥር ያለ አንዳች ማብራሪያ ወደ ፍጥነት መወሰኛው ሬጅስተር ይጻፋል። በተለመደው ኮምፒውተር ላይ የዚህ ቺፕ ሰዓት 1.8432 ሜጋኸርዝ ነው፤ ይህ ለ16 ሲካፈል 115200 ስለሚሆን፣ በሰከንድ 9600 ቢት ለማግኘት ሬጅስተሩ ላይ መጻፍ ያለበት 12 ነው። ስለዚህ 96 የሚለውን ሳይ ስህተት ያገኘሁ መሰለኝ፤ ላስተካክለውም ተዘጋጅቼ ነበር። ከማስተካከሌ በፊት ግን ካርዱን ከኮምፒውተሩ ነቅዬ፣ ከቺፖቹ አጠገብ የተበየደውን ትንሽ ክሪስታል በመብራት አስጠግቼ ሳየው 14.7456 የሚል ተጽፎበታል። ከተለመደው ስምንት እጥፍ መሆኑ ነው፤ ለ16 ሲካፈል 921600፣ ያም ለ9600 ሲካፈል በትክክል 96 ይሰጣል። በኮዱ ውስጥ አሁን 96 የሚባል ቁጥር የለም፤ የክሪስታሉ ድግግሞሽ በስሙ ተጽፎ፣ አካፋዩ ከእርሱ ይሰላል። አንድ ቁጥር ስም ሲያገኝ ንባቡ ከመቅለሉም በላይ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ይታወቃልና፣ ከዚያ ቀን በኋላ ምንጩን ያላረጋገጥሁለትን ቁጥር ስም አልሰጥም አልሁ።

ስም መስጠቱ ራሱ በዚህ ቺፕ ላይ ቀላል አይደለም። የመጀመሪያው አድራሻ ሲነበብ የደረሰውን ባይት ይሰጣል፤ ሲጻፍበት የሚላከውን ባይት ይቀበላል፤ በሌላ ሬጅስተር ላይ ያለች አንዲት ቢት ከተከፈተች ደግሞ ሁለቱንም ትቶ የፍጥነት አካፋዩ ታችኛ ባይት ይሆናል። ለአንዱ አድራሻ ሦስት ስም መስጠት አስፈለገኝ፤ አንባቢ ሦስቱ ስሞች አንድ ዋጋ እንዳላቸው አይቶ እንዳይገረም ምክንያቱን ከላያቸው ጻፍሁ።

ይህን የመሰለ የስም ለውጥ ስሠራ የያዝሁት አንድ ጥብቅ ሕግ ነበረኝ፤ ስም የሚቀይር ፓች (ለብቻው የሚላክ የኮድ ለውጥ) ከስም ሌላ ምንም አይቀይርም። የሚረጋገጠውም በዓይን አልነበረም። ከለውጡ በፊትና በኋላ ኮምፓይለሩ ያወጣውን የማሽን ኮድ ወደ አሴምብሊ (ሰው ሊያነበው ወደሚችለው መልኩ) መልሼ ሁለቱን አወዳድራለሁ፤ አንድ መመሪያ እንኳ ከተለያየ ፓቹ ይጣላል ወይም ይከፈላል። አሰልቺ ይመስላል፤ ነገር ግን ከፓቾቼ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን ካርዱን ሳልነካ ያለ ስጋት ልልካቸው የቻልሁት በዚህ ምክንያት ነው። በዚያው ላይ፣ ገምጋሚዎቹ ጊዜያቸውን የማሽን ኮዱ በተለወጠባቸው ጥቂት ፓቾች ላይ ብቻ እንዲያውሉ አስቻላቸው።

የመጀመሪያውን ስህተት የሠራሁት ከዚህ ሕግ ስወጣ ነው። የድሮው ኮድ የመስመር ሁኔታን የሚያሳየውን ሬጅስተር አንድ ጊዜ አንብቦ ውጤቱን በተለዋዋጭ ይይዝና፣ ያንን ተለዋዋጭ ከፋንክሽን ወደ ፋንክሽን እያስተላለፈ በየቦታው ቢቶቹን ይፈትሻል። ይህ አስቀያሚ መስሎኝ በምትኩ ሁለት አጫጭር ፋንክሽኖች ጻፍሁ፤ አንዱ ባይት ደርሶ እንደሆነ ይጠይቃል፣ ሌላው ስህተት ተከስቶ እንደሆነ ይጠይቃል፤ ሁለቱም በየራሳቸው ሬጅስተሩን ያነባሉ። ለዓይን ያማረ ነበር። ሁለት ፖርቶችን በኬብል አገናኝቼ አንዱን በተጋማሽ፣ ሌላውን በኢ-ተጋማሽ ፓሪቲ (ስህተት መለያ ቢት) ሳስቀምጣቸው ግን እያንዳንዱ ባይት ስህተት ሊሆን ሲገባው የስህተት ቆጣሪው ዜሮ ላይ ቆሞ ቀረ። ምክንያቱ በቺፑ ዳታሺት (የአምራቹ መግለጫ ሰነድ) ላይ በግልጽ ሰፍሯል፤ ያ ሬጅስተር ሲነበብ የስህተት ቢቶቹ ይጠፋሉ። የመጀመሪያው ፋንክሽን ባይት መድረሱን ለማወቅ ሲያነብ፣ ሁለተኛው ሊያገኘው የሚገባውን ምልክት ያጠፋው ነበር። ሬጅስተር እንደ ማህደረ ትውስታ አይደለም፤ ማንበብም ድርጊት ነው። አንድ ጊዜ አንብቦ ማስተላለፉን ወደ ነበረበት መለስሁ፤ ከዚያ በኋላም ስህተት ለመፈለግ ብዬ ያስገባኋቸውን የህትመት መስመሮች ሁሉ ሬጅስተር እንዳያነቡ አደረግሁ፤ ለመመልከት ብቻ የገባ መስመርም የሚመለከተውን ነገር ሊለውጠው ይችላልና።

ባዶ ሉፕ እያዞሩ መጠበቂያ የተደረጉት ቦታዎች ብዙ ሐተታ አይሹም፤ ርዝመታቸው በፕሮሰሰሩ ፍጥነት የሚወሰን በመሆኑ በከርነሉ የማይክሮሰከንድ መጠበቂያ ተተኩ። ሬጅስተሮችን በጥሬ ፖይንተር (በቀጥታ በአድራሻቸው) መድረሱም በከርነሉ የማንበቢያና የመጻፊያ ፋንክሽኖች ተተካ፤ ስፓርስ የተባለው መፈተሻም የቀሩኝን ሦስት ቦታዎች አሳየኝ።

ከሁሉ የበለጠ ያስተማረኝ በኢንተረፕት ማስተናገጃው ውስጥ የነበረችው አንዲት መስመር ናት። ማስተናገጃው ሥራውን ሲጨርስ ኢንተረፕቱን ለማጥፋት በጋራው ሬጅስተር ላይ ይጽፋል፤ ወዲያው ከሥር ያንኑ ሬጅስተር ያነብና ውጤቱን የትም ሳያስቀምጥ ይጥለዋል። ከላይዋም ከታችዋም አንድ ቃል ማብራሪያ የለም። በቨርቹዋል ማሽን (በሶፍትዌር በተመሰለ ኮምፒውተር) ላይ አውጥቼ ሞከርኋት፤ ምንም አልተለወጠም። በእውነተኛው ካርድ ላይም ባይቶቹ ሳይዛቡ ሄዱ፣ ሳይዛቡም መጡ። ስለዚህ ትርፍ ንባብን የሚያስወግድ ብዬ አጭር ፓች ጻፍሁና ሌሎች ሥራዎችን በላዩ ላይ ደረደርሁ።

ከሳምንታት በኋላ በአጋጣሚ የኢንተረፕት ቆጣሪውን ስመለከት ቁጥሩ ከቀድሞው ሁለት እጥፍ ያህል ሆኖ አገኘሁት፤ የሚተላለፈው መረጃ ግን አልጨመረም። በመጨረሻው ደህና በማውቀው ኮሚት (በኮዱ ታሪክ ውስጥ የተመዘገበ ለውጥ) እና በዚያ ቀኑ መካከል 64 ኮሚቶች ነበሩ፤ ጊት ባይሴክት በተባለው የኮድ ታሪክ መፈለጊያ እያጋመስሁ በስድስት ሙከራ፣ ማሽኑን ስድስት ጊዜ አስነሥቼ፣ ያቺኑ አጭር ፓች አገኘሁ። ፓቾችን በትንንሹ ከፍሎ ማስቀመጥ ሥራዬን እንዴት እንዳዳነው ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ለውጡ ከሌላ ነገር ጋር ተቀላቅሎ ቢሆን ኖሮ ባይሴክቱ የሚያሳየኝ አንድ ትልቅ ፓች ብቻ ነበር።

የሆነው ይህ ነው። ፕሮሰሰሩ ወደ ካርዱ የሚጽፈው ነገር ወዲያው ካርዱ ላይ አይደርስም፤ በመካከል ያለው የፒሲአይ ድልድይ ተቀብሎ ይይዝና ፕሮሰሰሩን ያሰናብተዋል፣ ለካርዱ የሚያደርሰውም በራሱ ጊዜ ነው። ንባብ ግን መልስ ይዞ መመለስ ስላለበት ፕሮሰሰሩ እስኪመለስ ይጠብቃል፤ የፒሲአይ ደንብ ደግሞ ንባቡ ከእርሱ በፊት የተጻፈውን ቀድሞ እንዳያልፍ ያስገድዳል። ስለዚህ ውጤቷ የሚጣለው ያቺ መስመር ዋጋ ለማግኘት አልተጻፈችም፤ የተጻፈው ነገር ካርዱ ላይ መድረሱን ታረጋግጥ ነበር። እርሷ ስትወጣ ማስተናገጃው የማጥፊያው ትእዛዝ ገና መንገድ ላይ ሳለ ይመለሳል፤ የዚህ ካርድ ኢንተረፕት መስመር ካርዱ እስኪለቀው ድረስ እንደተነሣ ስለሚቆይ ፕሮሰሰሩ እንደገና ይጠራል፤ በሁለተኛው ጥሪ ግን ትእዛዙ ደርሶ ስለነበር ማስተናገጃው የሚሠራው ነገር አያገኝም። ከርነሉ ከ100000 ጥሪዎች ከ99900 በላይ ባለቤት ሲያጡ መስመሩን ዘግቶ ያስጠነቅቃል፤ የእኔ ግን ከሁለት አንዱ ብቻ ስለነበር ምንም ሳይል ቆየ። ቨርቹዋል ማሽኑም ሊያሳየኝ አይችልም ነበር፤ በእርሱ ላይ የተጻፈ ነገር በዚያው ቅጽበት ይደርሳልና።

እዚህ ላይ መሰረዝን የምቃወም እንዳይመስል እፈልጋለሁ። ከርነልን በእውነት የሚያቀልለው መሰረዝ ነው፤ ሊኑክስ መጀመሪያ የተጻፈለትን የ386 ፕሮሰሰር ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው 3.8 እትም፣ የድሮዎቹን የአይዲኢ ድራይቨሮች ደግሞ በ2021 በ5.14 እትም አስወግዷል። እነዚህ የተሰረዙት ግን ምን እንደሚሠሩ እየታወቀ፣ ጊዜያቸው ማለፉ ታይቶ ነው። እኔ የሰረዝሁት ለምን እንደተጻፈ ያላወቅሁትን ነበር።

መስመሯን መለስኋት፤ ከላይዋም በሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ይህ ንባብ ከላይ የተጻፈውን ከድልድዩ እንደሚያስወጣና ሲወጣ የኢንተረፕቱ ቁጥር በእጥፍ እንደሚጨምር ጻፍሁ። ቆጣሪው ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ከዚያም በፋይሉ ውስጥ ውጤታቸው የሚጣሉ ሌሎች ንባቦችን አንድ በአንድ ፈለግሁ፤ አራት አገኘሁ። ሁለቱ ለዚያው ለድልድዩ ጉዳይ ናቸው። አንዱ ፖርት ሲከፈት ከቀድሞ የተረፉ የስህተት ቢቶችን ያጠፋል። ለሦስቱም ምክንያታቸውን ከላያቸው አሰፈርሁ። የአራተኛውን ምክንያት ከዳታሺቱም ከድሮ ኮሚቶችም ላገኝ አልቻልሁም፤ ያለ እርሱ ለአሥር ቀን ሞክሬ ልዩነት አላየሁም። እርሱንም አልሰረዝሁትም፤ ምክንያቱ እንዳልተገኘ፣ በየትኛው ካርድና በምን ዓይነት ሙከራ እንደተፈተሸ ከላዩ ጽፌ ባለበት ተውሁት።