ሽሮ ሜዳ እናቴ ግቢ የነበረውን ባህር ዛፍ እንዴት እንዳወረድነው

ዛፉ እኔ ሳልወለድ በፊት የነበረ ነው። ሽሮ ሜዳ እናቴ ቤት ጓሮ፣ ወደ እንጦጦ በኩል ከፍ ያለው ጥግ ላይ አንድ ነጭ ባህር ዛፍ። ልጅ እያለን ጉንፋን ሲይዘን ቅጠሉን ቀቅለው የሚያጥኑን ከሱ ነበር፣ ስለዚህ ይቆረጥ የሚል ቃል ከማናችንም አፍ ወጥቶ አያውቅም። 2015 ሐምሌ መጨረሻ ላይ ዝናቡ አራት ቀን ሙሉ አላባራ ብሎ በማግስቱ እማዬ ደወለች፣ "ና እስቲ ይሄን ዛፍ እየው፣ ሌሊቱን ሲያቃስት ነው ያደረው" አለችኝ።

ሄጄ ሳየው መጀመሪያ ምንም አልታየኝም። ድሮም ወደ ቤቱ ዘንበል ያለ ነው፣ ወንድሜም "እኛ ስናውቀው እንዲሁ ነው" አለ። ግን ዞር ብዬ ዘንበል ካለበት በተቃራኒው በኩል መሬቱን ሳይ፣ ከግንዱ ሁለት ሜትር ራቅ ብሎ ሳሩ መሀል የተሰነጠቀ መስመር አለ፣ ንፋስ መጣ ሲል ይከፈታል ሲያልፍ ደግሞ ይገጥማል። ጣቴን ከተትኩበት፣ እስከ ሁለተኛው አንጓ ገባ፣ ወዲያው ጠበብ ብሎ ያዘኝና ደንግጬ ሳብኩት። ሰው ዛፍ ያሰጋል ሲባል ወደላይ ነው የሚያየው፣ ደረቅ ቅርንጫፍ ምናምን ይፈልጋል፣ እሱም ልክ ነው፣ እኔን ግን የነገረኝ መሬቱ ነው። ግንዱን በመዶሻ ዙሪያውን እየመታሁ አዳመጥኩት፣ ባዶ ድምፅ የለውም፣ ምስጥ የለም፣ እግሩ ላይ እንደ ጆሮ የሚበቅለው ፈንገስም የለም። ግንዱ ጤነኛ ነው ማለት ነው፣ ችግሩ ስሩ ጋ ነው።

እማዬን የዛኑ ቀን አክስቴ ጋ ወሰድኳት። "ቤቴን ጥዬ አልሄድም" ብላ ነበር፣ ፍልሰታን እዛ ትጾሚያለሽ ብዬ በግድ ነው ያሳመንኳት። ከአጥሩ ማዶ ላሉት ጎረቤታችንም ሄጄ ነገርኳቸው፣ ማድ ቤታቸው ዛፉ ሊደርስበት የሚችል ቦታ ላይ ነው፣ እሳቸውም ስራው እስኪያልቅ ደጅ ላይ ማብሰል ጀመሩ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዴት ይደርሳል ካላችሁ በጥላ ለካሁት። አንድ ሜትር እንጨት አቁሜ ጥላው 80 ሳንቲ ሆነ፣ በዛው ሰአት የዛፉ ጥላ 17 ሜትር ተኩል አካባቢ፣ ስለዚህ ቁመቱ ወደ 22 ሜትር ነው (የዘነበለ ስለሆነ ትንሽ ይሳሳታል፣ ግን ለዚህ ስራ ይበቃል)። ቤቱ ከዛፉ 9 ሜትር ነው ያለው። ሒሳቡ ግልፅ ነው።

ወንድሜን ያሳመነው ግን ቱምቢው ነው፣ ግንበኞች ቀጥታ የሚለኩበት ክር ላይ የተንጠለጠለ ክብደት። ግንዱ ላይ 3 ሜትር ከፍታ ላይ ሚስማር መትቼ የግንበኛ ቱምቢ አንጠለጠልኩበት፣ ጫፉ የሚያርፍበት ቦታ ላይ መሬቱ ላይ ችንካር ተከልኩ። በአስር ቀን ውስጥ ቱምቢው ከችንካሩ 4 ሳንቲ ወደ ቤቱ ሄደ። 4 ሳንቲ ትንሽ ትመስላለች፣ ግን 3 ሜትር ላይ 4 ሳንቲ ማለት ጫፉ ላይ ወደ 30 ሳንቲ ነው። ከዛ በኋላ "ድሮም እንዲሁ ነው" የሚል ሰው አልነበረም።

ወረዳ ሄጄ አመለከትኩ፣ መጥተው አይተው ፎቶ አንስተው ፈቃዱን ሰጡኝ። የሀገር በቀል ዛፍ ከሆነ፣ ወይራ ዝግባ ኮሶ አይነት፣ ጥያቄውም ይበዛል ሊበዛም ይገባል፣ ባህር ዛፍ ስለሆነ አላንገላታኝም።

አሁን ዋናው ነገር፣ ቆራጭ። መጀመሪያ ያመጣኋቸው ሁለት ልጆች ብር አልጠየቁኝም፣ "ግንዱን ለኛ ስጠን እኛ በነጻ እናወርድልሃለን" አሉ። ሰፈራችን ውስጥ የተለመደ ነው፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። እንዴት እንደሚያወርዱት ስጠይቃቸው በገመድ ስበን ሙሉውን ወደ ጎን ወደ ጓሮ አትክልቱ እንጥለዋለን አሉኝ። ሌሊት ሳስበው ገባኝ፣ በእንጨት ከከፈልከው ቆራጩ ረጅም እንጨት ነው የሚፈልገው፣ ምክንያቱም ስድስት ሜትር ቀጥ ያለ ግንድ ለጣውላም ለቋሚም ይሸጣል፣ ሁለት ሁለት ሜትር ተቆራርጦ የወረደ ግን ለፍልጥ ነው የሚሆነው። ለቤቱ የሚሻለው ደግሞ አጭር አጭሩ ነው። ልጆቹ ክፉ ሆነው አይደለም፣ እኔው ነኝ ጥቅማቸውን ከደህንነታችን ጋር ያጣላሁት። በማግስቱ ይቅርታ ጠይቄ ሸኘኋቸውና በሙያው የቆዩ አንድ ጋሼ ፈልጌ ከሶስት ሰው ጋር በ12 ሺህ ብር ካሽ ተስማማን፣ እንጨቱ በሙሉ የእኛ፣ እንዴት እንደሚቆረጥ እሳቸው ይወስናሉ፣ ፍጠኑ የሚል ሰው የለም። ከዚህ ሁሉ ስራ ውስጥ ያደረግኩት ትልቁ ነገር ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጋሼ ስንጥቁን እንዳዩ "በዚህ ላይ ልጅ አላወጣም" አሉ። ክሬን ይግባ እንዳልል መንገዱ ሁለት ሜትር ተኩል ነው፣ ክሬን የሚገባበት ግቢ ያላችሁ ግን አትሳሱ፣ ሰው ሳይወጣበት የሚወርድ ዛፍን የሚያክል የለም። እኛ ያደረግነው፣ ዛፉን ከበላዩ ባሉት ሁለት ትልልቅ የፈረንጅ ጥዶች ጋር በብረት ገመድ አስረን ከጋራዥ በተዋስነው ፓራንኮ (በሰንሰለት የሚጎትት መሳቢያ) ወጠርነው፣ ከዛ ዝናብ የሌለበት ንፋስ የሌለበት ጠዋት ጠበቅን። ፍልሰታ በተፈታ ማግስት፣ ነሐሴ 17፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነጋ።

ወደ ቤቱ የሚገባው የመብራት መስመር በቅርንጫፎቹ ስር ነው የሚያልፈው፣ ስለዚህ ቀድሜ መብራት ኃይል 905 ላይ ደውዬ ጠዋት መጥተው ከፖሉ ላይ ፈቱልኝ። "ገመዱ እኮ ሽፍን ነው" የሚል ሰው ብዙ ነው፣ ያ ሽፋን በፀሀይ ተሰነጣጥቋል፣ እርጥብ ባህር ዛፍ ደግሞ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፣ 220 ቮልት ከፍታ ላይ ያለን ሰው ባይገድለው እንኳን ያስለቅቀዋል።

የሚወጣው ልጅ ሁለት ገመድ ነው የታሰረው፣ አንዱ ወገቡን ከግንዱ ጋር፣ ሌላው ከበላዩ ባለው ባላ ላይ ዞሮ። የሞተር መጋዝ ይዞ አልወጣም፣ በእጅ መጋዝ ነው የሰራው። መጀመሪያ የሚቆረጠው ወደ ቤቱ ያጋደለው ቅርንጫፍ ነው፣ ክብደቱ ከዛ በኩል እንዲቀንስ። ሶስተኛው ቅርንጫፍ ላይ ልጁ ቸኮለና ከታች በኩል ሳይቀድ በቀጥታ ከላይ ቆረጠው፣ ቅርንጫፉ ግማሽ ሳይደርስ ልጡን ይዞ ቁልቁል ተገነጠለና ተወዛውዞ ጭኑን መታው። እግሩ ከግንዱ ለቀቀ። ያችን ሰከንድ አልረሳትም፣ ሁላችንም ዝም፣ ልጁ በላይኛው ገመድ ተንጠልጥሎ ቀስ ብሎ ይዞራል። ጋሼ ሳይጮሁ "ግንዱን እቀፍ፣ ተንፍስ፣ ውረድ" አሉት። ጭኑ በልዞ ነበር፣ አጥንቱ ደህና ነው። አንድ ሰአት ሙሉ ስራ ቆመ፣ ሻይ ጠጣን፣ ከዛ ሌላው ልጅ ወጣ። ከዛ በኋላ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ መጀመሪያ ከታች በኩል ሲሶ ያህል ይቀደዳል፣ ከዛ ትንሽ ራቅ ብሎ ከላይ ይቆረጣል፣ የቀረችው ጭራ በመጨረሻ ትስተካከላለች። ሁለተኛዋ ገመድ ባትኖር ይሄን ፅሁፍ በሌላ ስሜት ነበር የምፅፈው፣ ወይም አልፅፈውም።

ግንዱ ሁለት ሁለት ሜትር እየተባለ ነው የወረደው። 40 ሳንቲ ውፍረት ያለው ሁለት ሜትር እርጥብ ባህር ዛፍ ሁለት ኩንታል ተኩል ይሆናል፣ ይሄን በእጅ ይዞ የሚያወርድ ሰው የለም፣ ስለዚህ ገመዱን ጥዱ ላይ ሶስት ዙር ጠምጥመን ነው ጫፉን የምንይዘው፣ ክብደቱን የሚይዘው የገመዱና የልጡ ፍትጊያ ነው፣ እኛ ቀስ እያልን እንለቃለን። ገመድ እጅ ላይ መጠቅለል ክልክል ነው፣ ጋሼ ስጠቀልል አይተው እጄን መቱኝ።

ዘጠኝ ሰአት ላይ የቀረው የታችኛው ሶስት ሜትር ብቻ ነበር፣ ውፍረቱ 60 ሳንቲ፣ ክብደቱ ወደ 8 ኩንታል። እዚህ ላይ ነው የሞተር መጋዙ የተነሳው። በሚወድቅበት በኩል 13 ሳንቲ ገደማ የሚገባ አፍ ተከፈተለት፣ ከዛ በጀርባ በኩል ከአፉ ትንሽ ከፍ ብሎ ተቆረጠ፣ መሀል ላይ 6 ሳንቲ ያህል ሳይቆረጥ ተተወ፣ እሱ እንደ በር ማጠፊያ ሆኖ አቅጣጫውን ይይዘዋል። መሬቱ ላይ ቅርንጫፉን እንደ ፍራሽ አንጥፈንለት ነበር። ከጉቶው ኋላ ማንም እንዳይቆም አሉ ጋሼ፣ ስሩ የተነሳ ዛፍ ክብደቱ ሲቀልለት ጉቶው ተመልሶ ቁጭ ይላል። እውነትም ግንዱ ሲወድቅ ከኋላ ያ ስንጥቅ ጥፍት ብሎ ገጠመ፣ ሐምሌ ላይ ጣቴን የያዘኝ ማለት ነው።

ጉቶውን ዝም ብትሉት እንደገና ያቆጠቁጣል፣ ባህር ዛፍ አይሞትም፣ ስለዚህ መስከረም ላይ አስቆፈርነው። ቆፋሪው ጠራኝና አሳየኝ፣ በላይኛው በኩል ያሉት አራት ወፋፍራም ስሮች እኩል መስመር ላይ፣ ቀጥ ብለው፣ ጠቁረው ተቆርጠዋል፣ ከጎናቸው የፍሳሽ ቱቦው አለ። ቱቦውን በ2012 ኮሮና በገባበት አመት ያስቀበርኩት እኔ ነኝ። ቀን ሰራተኛው "ስር አለ ምን ላድርግ" ሲለኝ "ቁረጠው" ያልኩት እኔ ነኝ፣ ድምፄ ራሱ ትዝ ይለኛል። ዛፉን ሶስት ክረምት ሙሉ በግማሽ ስሩ ያቆምኩት እኔ ነኝ፣ እናቴም ከስሩ ተኝታ ነበር።

ቱቦው ከዛ ቀጥሎ ግቢው ውስጥ ካለው ሌላ ዛፍ፣ ከግራቪሊያው፣ አንድ ሜትር ተኩል ራቅ ብሎ ነው የሚያልፈው። ቱምቢውን ከባህር ዛፉ አውርጄ እሱ ላይ ሰቅዬዋለሁ፣ ችንካሩንም ተክያለሁ፣ እሁድ እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ እማዬ ራሷ ታየዋለች። እስካሁን ችንካሩ ላይ ነው።