የመጀመሪያው ረጅም ሱሪ

ነገ ትምህርት ቤት ስለሚከፈት፣ ዛሬ ማታ የልጄን ግራጫ የዩኒፎርም ሱሪ ጭኔ ላይ ዘርግቼ የእግሩን እጥፍ ስተረትር አመሸሁ። አምና ስገዛለት ሆን ብዬ ከልኩ ከፍ ያለውን መርጬ፣ ትርፉን ወደ ውስጥ አጥፌ በእጄ ሰፍቼው ነበር፤ ልጁ ግን በአንድ ዓመት ተመዞ፣ ሱሪው ቁርጭምጭሚቱን መሸፈን አቅቶታል። እንግሊዝ አገር ብዙ ዓመት ብኖርም፣ ይህ ሱሪ ከየት መጣ ብዬ መጠየቅ የጀመርኩት ከሁለት ሳምንት በፊት፣ አዛውንቱ ጎረቤታችን በአጥር በኩል ያጫወቱኝን ከሰማሁ በኋላ ነው።

እኚህ ሰው ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። ልጄ «አጠረኝ» እያለ ሲነጫነጭ ሰምተው ፈገግ አሉና፣ እርሳቸው አሥራ ሦስት ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ረጅም ሱሪ ለብሰው እንደማያውቁ ነገሩኝ። በረዶ ሲጥልም ትምህርት ቤት የሚሄዱት በቁምጣ ነበር። ጨርቁ ወፍራምና ሻካራ ሱፍ ስለሆነ፣ ዝናብ ሲያርሰው ጠርዙ የጭናቸውን ቆዳ እየፈተገ ያቆስለዋል፤ እናታቸውም ማታ ማታ ቫዝሊን ይቀቡላቸው ነበር። ይህን ሲሉኝ እጃቸው ሳይታወቃቸው ወርዶ የጭናቸውን ውስጠኛ ጎን ዳሰሰ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ሰነበትኩ። መጀመሪያ የገረመኝ ቁምጣ የጥንት ልማድ አለመሆኑ ነው። በድሮው እንግሊዝ ወንድ ልጅ አራት ወይም አምስት፣ አንዳንዴም ሰባት ዓመት እስኪሆነው እንደ እህቱ ቀሚስ ለብሶ ያድግና፣ የመጀመሪያውን ሱሪ የሚታጠቅበት ቀን ለቤተሰቡ የደስታ ቀን ነበር። እኛም «ሱሪ የታጠቀ» ስንል ሰውየውን እንጂ ልብሱን ማለታችን ስላልሆነ፣ ወጉ እንግዳ አልሆነብኝም። ይበልጥ ያስገረመኝ ከዚያ የቀጠለው ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ አባቶች ገና ጉልበት ሥር የሚታሰር አጭር ሱሪ በረጅም ካልሲ እየለበሱ ሳለ፣ ትንንሽ ልጆቻቸው ከአጭር ኮት ጋር በቁልፍ የሚያያዝ ረጅም ሱሪ ይለብሱ ነበር። ረጅሙ የልጅ፣ አጭሩ የአዋቂ ነበር ማለት ነው። ያ የድሮ አጭር ሱሪ እስከ ዛሬ የሚለበስበት ትምህርት ቤትም አለ። ክራይስትስ ሆስፒታል የተባለው ይህ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1552 ለለንደን ድሃ ልጆች ተብሎ የተመሠረተ ሲሆን፣ ከ1902 ጀምሮ የሚገኘው ከለንደን ውጭ፣ ሆርሻም በተባለች ከተማ አጠገብ ነው፤ ተማሪዎቹ አሁንም ረጅም ሰማያዊ ካፖርት፣ የጉልበት ሱሪና ቢጫ ካልሲ ይለብሳሉ።

ጉልበት የተራቆተው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ቤደን ፓወል የተባለው የጦር መኮንን በ1908 የስካውትን እንቅስቃሴ ሲጀምር ቁምጣን የልጆቹ ልብስ አደረገው፤ ብርድና ጭረት ልጅን ያጠነክራሉ የሚል እምነትም በዘመኑ ሰፊ ነበር። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ግራጫ ቁምጣ ከረጅም ግራጫ ካልሲ ጋር የተማሪ መለያ ሆኖ ቀረ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ከ1941 ጁን 1 ቀን ጀምሮ ልብስ በኩፖን ሆነ፤ በመጀመሪያው ዓመት ለአንድ አዋቂ የተፈቀደው 66 ኩፖን ብቻ ነበር። በ1942 መንግሥት ጨርቅ ለመቆጠብ ባወጣው ደንብ የወንዶች ሱሪ እግር ወደ ላይ ተቀልብሶ እንዳይሰፋ ተከለከለ፤ ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅም ረጅም ሱሪ መሥራት ቀረ። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። ጎረቤቴ የተወለዱት በዚያ ደንብ ዘመን ነው። የልብስ ኩፖን በ1949 ቢቀርም ልማዱ ሳይለቅ፣ የሕፃኑ ጉልበት ከብዙ ዓመት በኋላም በብርድ ይቀላ ነበር። ችግር ያመጣውን ነገር ወላጆች ቆይተው ሥነ ሥርዓት ብለው ሲጠሩት ያሳዝነኛል።

በዚያው በ1941 ዊንፊልድና ዲክሰን የተባሉ ሁለት ኬሚስቶች፣ በማንቸስተሩ የካሊኮ (የጥጥ ጨርቅ) አታሚዎች ማኅበር ተቀጥረው ሲሠሩ፣ ቴሪሊን የተባለውን የፖሊስተር ክር ፈለሰፉ። አሁን ጭኔ ላይ ያለው ሱሪ የዚያ ክር ልጅ ነው፤ ታጥቦ ቶሎ ይደርቃል፣ ቆዳ አይፈትግም፣ ሱፐርማርኬት ውስጥ ከዳቦና ከወተት ጋር ይገዛል። ጨርቁ እንዲህ ርካሽ ሲሆን የቁምጣው ዘመን ቀስ በቀስ አለቀ። ዛሬ ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኗል። በ2017 ጁን ወር በኤክሰተር ከተማ በከባድ ሙቀት ቁምጣ የተከለከሉ ወንዶች ልጆች የሴቶቹን ጉርድ ለብሰው ትምህርት ቤት ሄዱ። አያቶቻቸው በብርድ ቁምጣ ተገደዱ፣ እነርሱ በሙቀት ረጅም ሱሪ። እኔ በሁለቱም ጊዜ ከልጆቹ ጋር ነኝ።

በነገራችን ላይ አዲስ ሱሪ ከመግዛት እጥፍ መተርተር የመረጥኩበት ምክንያት አለ። እዚህ አገር ከ14 ዓመት በታች ላሉ ልጆች በሚሆን ልክ የተሠራ ልብስ ተጨማሪ እሴት ታክስ የለበትም፤ ከዚያ ልክ ካለፈ ግን 20 በመቶ ይከፈልበታል። ልጄ ገና አሥራ ሦስት ሳይሞላው ቁመቱ ወደዚያ እየተጠጋ ነው፤ የሚቀጥለውን ሱሪ ስገዛለት በታክስ ሕግ ዓይን አዋቂ ሊሆን ነው።

ጎረቤቴን ረጅም ሱሪ የለበሱበትን ቀን ያስታውሱት እንደሆነ ጠይቄያቸው ነበር። ከነሰዓቱ ነገሩኝ። እሑድ ጠዋት ነበር፤ ከደረጃው ሲወርዱ አባታቸው ከላይ እስከ ታች አይተዋቸው፣ አንድም ቃል ሳይናገሩ እጃቸውን ዘርግተው እንደ ትልቅ ሰው ጨበጧቸው። እኔ የልጄን ቀን ለማስታወስ ብሞክር አጣሁት። ረጅም ሱሪ የለበሰው በአራት ዓመቱ ነው፤ ስልኬ ውስጥ ያለው የዚያ ቀን ፎቶ ላይ የሚታየው ከእርሱ የሚተልቅ ቦርሳ ነው፣ ሱሪው ጫማው ላይ ተከምሯል። እጁን የጨበጠው ሰው አልነበረም። ብርዱን ለልጄ አልመኝለትም፤ ያንን የእጅ መጨበጥ ግን እመኝለታለሁ።

እጥፉን ከተረተርኩ በኋላ ዓመት ሙሉ የታጠፈበት ቦታ ላይ መስመር ቀረ። እርጥብ ጨርቅ አልብሼ ሁለት ጊዜ ተኮስኩት፤ ደበዘዘ እንጂ አልጠፋም። ልጄ መጥቶ በመብራቱ አየውና «እማዬ፣ መስመሩ ይታያል» አለኝ። ለካው፤ ልክ ጫማው ላይ አረፈ። ቀና ስል ዓይኖቻችን ትይዩ ነበሩ። እጄን ዘረጋሁለት፤ ግራ ገባውና ጨበጠኝ።