የእማዬ ሁለተኛ ጉልበት

ሰሞኑን ሦስተኛ ሰው ደወለልኝ፣ "እናቴን ጉልበቷን ላስቀይራት ነው፣ ያንቺ እናት እንዴት ሆነችልሽ?" እያለ። ሁሌ ስልክ ላይ አንድ ሰዓት ከማወራ አንዴ ልጻፈውና ልረፍ።

እማዬ ቀኝ ጉልበቷን ያስቀየረችው 2019 ላይ ባንኮክ ነው። ልጆቿ አዋጥተን፣ ትኬቱም ሆቴሉም ምናምኑም ተደምሮ፣ በማግስቱ በዎከር ስትራመድ ቪዲዮ ተልኮልን ዘመድ ሁሉ እልል ያለበት ነገር ነበር። እውነቱን ለመናገር ጥሩ አድርገው ነው የሠሩላት፣ አምስት ዓመት ሙሉ ቆማ አስቀድሳለች፣ ደረጃ ወጥታለች፣ እኔ ጋ አሜሪካም መጥታለች። ግን እኛ "ተቀየረ" ሲባል "አለቀ" የተባለ ነው የመሰለን።

2024 ክረምት ላይ ጉልበቷ መሞቅ ጀመረ። ብዙም አላበጠም፣ ግን እጄን ሳሳርፍበት ከግራው ይልቅ ይሞቃል። እሷ "ብርድ ነው" አለች፣ እኔም ቅባት ቀባሁላት፣ ኢቡፕሮፌን ሰጠኋት፣ የአክስቴ ልጅ ደግሞ ከአዲስ አበባ ይዛው የመጣችውን አሞክሳሲሊን "ይሄ ያጠፋዋል" ብላ ሰጠቻት፣ እማዬም ሳትጠይቀኝ ዋጠችው። ይሄ ነው ትልቁ ስህተታችን። ዶክተሩ ከጉልበቷ በመርፌ ፈሳሽ ቀድቶ የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነ ሊያስመረምር ሲል አንቲባዮቲክ እየወሰደች ነው ስንለው ዝም ብሎ ቆየና፣ መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ሳይገድለው ይደብቀዋል፣ ላብራቶሪ ላይ ላይበቅል ይችላል፣ ሁለት ሳምንት አቁማ ትምጣ አለን። ሁለት ሳምንት እግሯ እየነደደ ቁጭ ብለን ጠበቅን።

ውጤቱ ኢንፌክሽን ሆነ፣ ስታፍ የሚባለው ባክቴሪያ። ከየት መጣ? ዶክተሩ ጥርሷን ጠየቀ፣ የተሰነጠቀ ተረከዟን አየ፣ በደም ዞሮ ሊገባ ይችላል አለ፣ በቃ ከዛ በላይ የሚታወቅ ነገር የለም። እኔ "ታዲያ ጠንከር ያለ ክኒን አይሰጣትም?" ስል ያስረዳኝ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣም፣ ብረትና ፕላስቲክ ደም አይዞርበትም፣ ባክቴሪያው ላዩ ላይ ሽፋን ሠርቶ ይለጠፋል። ውሃ የቆየበት ጀሪካን ውስጥ እጅሽን ስትከቺ የሚያሙለጨልጨው ነገር አለ አይደል፣ እንደሱ መሆኑ ነው። ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቢደረስበት ታጥቦ ፕላስቲኩ ብቻ ተቀይሮ ብረቱ የሚተርፍበት ዕድል አለ። ለኛ አልፎበታል።

ስለዚህ ኦፕራሲዮኑ ሁለት ሆነ። የመጀመሪያው ኅዳር ላይ፣ ብረቱን በሙሉ አውጥተው በቦታው አንቲባዮቲክ የተቀላቀለበት ሲሚንቶ አስገቡላት፣ ስፔሰር ይሉታል። እማዬ ስትነቃ ነገርኳት፣ "ቤት ሳልሠራበት ሲሚንቶው እግሬ ገባ" አለች። (የሕንፃ ሲሚንቶ አይደለም፣ የፕላስቲክ ዘር ነው፣ ስሙ ግን ስሙ ነው።) ከዛ ስድስት ሳምንት ክንዷ ላይ በተተከለ ቀጭን ቱቦ ሴፋዞሊን የሚባል አንቲባዮቲክ በየ8 ሰዓቱ፣ ጠዋት 12፣ ከሰዓት 8፣ ማታ 4። ነርሷ የምትመጣው በሳምንት አንዴ ነው፣ ፋሻ ልትቀይርና ደም ልትቀዳ። ሌላውን እኔ ነኝ የማደርገው። መድኃኒቱ የሚመጣው ኳስ በምታክል የላስቲክ ፊኛ ውስጥ ነው፣ ፍሪጅ ውስጥ ከበርበሬው ጎን አስቀምጠዋለሁ፣ ቀድሜ አውጥቼ እስኪሞቅ እጠብቃለሁ፣ ቱቦውን በአልኮል ጠርጌ እሰካዋለሁ፣ ከዛ ፊኛው እየተሟጠጠ ሲሄድ ቁጭ ብዬ አያለሁ። መጀመሪያ ቀን እጄ ሲንቀጠቀጥ እማዬ ነበረች የምታጽናናኝ።

በመሀል የገና ጾም ገባ። ቁስሉ እንዲድን ፕሮቲን ያስፈልጋል፣ እሷ ደግሞ እንኳን ሥጋ ወተት አትነካም። ሦስት ቀን ተጣላን። መጨረሻ ላይ የንስሐ አባቷ ከአዲስ አበባ ደውለው "እንቁላሉን ብዪ፣ በኔ ይሁንብሽ" ሲሏት ነው የበላችው፣ እሱንም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ።

ወደ ገንዘቡ ስመጣ፣ እማዬ ከ65 በላይ ናት ግን ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ) የላትም። ሰው ይሄን አያውቅም፣ ልጆቹ በግሪን ካርድ ያመጡት ወላጅ ከአምስት ዓመት በፊት ሜዲኬር መግዛት እንኳ አይችልም፣ አምስት ዓመት ሞልቶትም አሜሪካ ሠርቶ ካልከፈለ (የባል ወይም የሚስት ሥራም ከሌለ) የሆስፒታል ወጪ የሚሸፍነው የሜዲኬር ክፍል ብቻ በ2025 በወር 518 ዶላር ነበር። እኛ የነበረን የኦባማኬር ኢንሹራንስ ነው፣ ከኪስ የምንከፍለው ጣሪያም ሕጉ በፈቀደው ልክ የተቀመጠ፣ ለ2024 9,450 ዶላር። ቢሉ ስድስት አሃዝ ሆኖ ሲመጣ ጣሪያ አለን ብዬ ተጽናናሁ። ያላሰብኩት ነገር ሁለተኛው ኦፕራሲዮን የካቲት ላይ መሆኑን ነው። ጥር 1 በፈረንጅ ቆጣሪው ዜሮ ገባ፣ አዲስ ጣሪያ፣ 9,200። አንድ ጉልበት፣ አንድ በሽታ፣ 18,650 ዶላር። ማንም አልዋሸንም፣ ማንም ግን አልነገረንም። ኦፕራሲዮኑ ዓመት እንዳይሻገር ማመቻቸት ሁሌ አይቻልም፣ ኢንፌክሽኑ ካላንደር አያይም፣ ግን ሴፕቴምበር ላይ ሳንዘገይ ሄደን ቢሆን ኖሮ እያልኩ ሌሊት የማስላበት ጊዜ ነበር።

የሥራዬ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ቤተሰብ ለማስታመም የሚሰጠው የፌዴራሉ ፋሚሊ ሊቭ የሚባለው ፈቃድ 12 ሳምንት ሥራሽን ይጠብቅልሻል እንጂ ደመወዝ አይከፍልም።

የካቲት ላይ የገባው አዲሱ ብረት የድሮውን አይመስልም። የድሮው ሲወጣ አጥንትም አብሮ ይሄዳል፣ ስለዚህ አዲሱ ወደ ጭኗም ወደ ቅልጥሟም የሚገባ ረጅም ዘንግ አለው፣ አጥንት የጎደለበት ቦታ ላይ ሙሊት ገብቷል፣ ኤክስሬዩን ሳየው የመኪና ዕቃ ነው የመሰለኝ። ኦፕራሲዮኑ ረዘመ፣ ደም ተሰጣት፣ እንደገና ኢንፌክሽን የመያዝ ዕድሉም ከመጀመሪያው የበለጠ እንደሆነ ተነገረን።

ማስፈራራት እንዳይመስልብኝ፣ አብዛኛው ሰው እዚህ አይደርስም። 2019 ላይ ላንሴት የሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ በወጣ ጥናት ከተቀየሩ ጉልበቶች 82 በመቶ ገደማ፣ ከዳሌዎች 58 በመቶ ገደማ 25 ዓመት ቆይተዋል። ከ70 በላይ ላለች እናት አንዴ ከተቀየረ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜዋን ይበቃል። የሚያሳስበኝ በ50ዎቹ መጀመሪያ ያለ ወንድ "አሁኑኑ ቀይሩልኝ" ሲል ነው፣ እዛው ላንሴት ላይ 2017 በወጣ ሌላ ጥናት እንዲህ ዓይነቱ ሰው በዕድሜው እንደገና የመቀየር ዕድሉ እስከ 35 በመቶ ይደርሳል። ቤተክርስቲያን የማውቃቸው አንዲት እናት ደግሞ ዳሌያቸው ለሁለተኛ ጊዜ ተቀይሮ በወሩ ዱካ ላይ ተቀምጠው ወደ ረከቦቱ ጎንበስ ሲሉ ወለቀ፣ ዝቅ ብሎ ተቀምጦ መጎንበስ እኮ የተከለከለ ነበር።

ለሚደውሉልኝ ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፣ የብረቱን ስቲከር ተቀብላችኋል? እያንዳንዱ ዕቃ የኩባንያ ስም፣ ሳይዝና ቁጥር ያለው ተለጣፊ አለው፣ ፋይል ላይ ይለጠፋል፣ ኮፒውን ጠይቁ። እማዬ ከባንኮክ ይዛ የተመለሰችው አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው፣ ዶክተሩ ከኤክስሬይ ላይ እየገመተ ነው የገባው። ለሷ ሁሉም ስለወጣ ብዙ አልጎዳትም፣ ፕላስቲኩ ብቻ የሚቀየርለት ሰው ቢሆን ግን ልኩን ከየት ያገኙለታል?

አሁን ጉልበቷ 95 ዲግሪ ይታጠፋል፣ ፊዚዮዋ በማስመሪያ እየለካች ደስ ይላታል። ለዱካ አይበቃም። እሁድ እሁድ ጀበናውን ጠረጴዛ ላይ አድርጋ፣ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትቀዳልናለች፣ "ይሄ ቡና ሳይሆን ቡና ቤት ነው" እያለች። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የአኔስቴዥያ ቢል መጣ፣ የኅዳሩ።