የአይሪና መቀመጫና የአቡ ዳቢ ገንዘብ

ዓለም አቀፉ የታዳሽ ኢነርጂ ኤጀንሲ፣ በአጭር ስሙ አይሪና፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 26 ቀን 2009 በጀርመን ቦን ከተማ ሲመሠረት የመመሥረቻ ሰነዱን 75 አገሮች ፈርመዋል። ሐሳቡን ለዓመታት ሲገፉ ከነበሩት መካከል ሄርማን ሼር የተባሉት ጀርመናዊ የፓርላማ አባል ይገኙበታል፤ ስለዚህም ዋና መሥሪያ ቤቱ በተወለደበት አገር ይቀራል ብሎ መጠበቅ ተገቢ ነበር። ነገር ግን ከአምስት ወር በኋላ፣ ጁን 29 ቀን፣ አባል አገሮች ግብፅ ሻርም ኤል ሼክ ላይ ተሰብስበው ጊዜያዊ መቀመጫው አቡ ዳቢ እንዲሆን ወሰኑ፤ ለቦን የፈጠራና የቴክኖሎጂ ማዕከል፣ ለቪየና ደግሞ የግንኙነት ጽሕፈት ቤት ተሰጣቸው።

አቡ ዳቢን ካስመረጧት ምክንያቶች አንዱ ገንዘብ እንደነበር መሸሸግ አያስፈልግም። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች መንግሥት አቡ ዳቢ ውስጥ በምትገኘው በማስዳር ከተማ ያለ ኪራይ የሚሰጥ ሕንፃን ጨምሮ በስድስት ዓመት 136 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለማውጣት ቃል ገባ። በተጨማሪም የአቡ ዳቢ የልማት ፈንድ በማደግ ላይ ላሉ አገሮች የታዳሽ ኃይል ፕሮጀክቶች በየዓመቱ 50 ሚሊዮን ዶላር፣ በሰባት ዙር በድምሩ 350 ሚሊዮን ዶላር እንዲያበድር ተወሰነ።

እኔ እነዚህን ሁለት ወጪዎች በአንድ ዓይን አላያቸውም። ሕንፃው ለኤጀንሲው ጥቅም ነው፤ አስተናጋጁ አገር ግን ከዚያ በላይ ክብርና ተሰሚነት ይገዛበታል። ብድሩ በሌላ በኩል ከመቀመጫው ከተማ ውጪ ላለ ሰው የሚደርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ የሆነው የመጀመሪያው ዙር ለኢኳዶር፣ ለማልዲቭስ፣ ለማሊ፣ ለሞሪታኒያ፣ ለሳሞአና ለሴራሊዮን የተመደበ ነበር። ብድሩ የፕሮጀክቱን ወጪ እስከ ግማሽ ድረስ ብቻ የሚሸፍን በመሆኑ ቀሪውን ሌላ ቦታ መፈለግ ነበረባቸው፤ ይሁንና ወለዱ ከ1 እስከ 2 በመቶ የሆነ ብድር ለእንዲህ ያሉ አገሮች በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። ስለዚህ አንድ መንግሥት ለመቀመጫ ውድድር የሕዝብ ገንዘብ ሲያቀርብ፣ ከሕንፃው ጎን ይህን መሰል ግዴታ እንዲገባ መጠየቅ አለበት ብዬ በጽኑ አምናለሁ።

አስተናጋጁ ብዙ ሲከፍል ሌሎቹ አባላት መዋጮአቸውን ቸል ማለታቸው እውነተኛ አደጋ ነው። የአይሪና ስምምነት ተፈጻሚ የሆነው እ.ኤ.አ. ጁላይ 8 ቀን 2010 ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ የአገሮች መዋጮ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ነበር። ስለ ፀሐይና ስለ ነፋስ ኃይል ለመንግሥታት ሁሉ ያለ አድልዎ ምክር እንዲሰጥ የተቋቋመ ድርጅት፣ ደመወዙንና ጥናቱን በዋናነት ከአንድ አገር ግምጃ ቤት ማግኘት የለበትም፤ ያ አገር የነዳጅ ዘይት አምራች ሲሆን ደግሞ ጥንቃቄው ይበልጥ ያስፈልጋል። የሕንፃ ስጦታና የዕለት ተዕለት በጀት በሰነድ ተለያይተው፣ የድጋፉ ዘመን ሲያበቃ ወጪውን ማን እንደሚሸከም ከመነሻው መታወቅ ይኖርበታል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያውያን ሩቅ አይደለም። አገራችን የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንን ስታስተናግድ እ.ኤ.አ. በ1961 የተመረቀውን የአፍሪካ አዳራሽ በራሷ ወጪ ሠርታ አበርክታለች፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የተመረቀውን የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ግን 200 ሚሊዮን ዶላር አውጥታ ያሠራችው ቻይና ናት። ከፋዩ አስተናጋጅም አባልም ሳይሆን ሲቀር የሚነሣው ጥያቄ ከአቡ ዳቢው ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2005 በሰባት አገሮች የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ የኃይል ቋትም፣ ማለትም አገሮች ኤሌክትሪክ የሚገበያዩበት ማኅበር፣ ጽሕፈት ቤቱ አዲስ አበባ ነው። የኤሌክትሪክ ንግዱ ሲሰፋ ሰፊ መሥሪያ ቤት መፈለጉ አይቀርም፤ ያን ጊዜ መንግሥታችን መሬትና ሕንፃ ቢሰጥ እደግፋለሁ፣ የስምምነቱ ዝርዝር ለፓርላማ ቀርቦ በይፋ እስከታተመና አባል አገሮቹ የሥራ ማስኬጃውን በመዋጮአቸው እስከሸፈኑ ድረስ።