ሞተ ብዬ ልነቅለው የነበረው ክሌማቲስ

ጓሮ ያለው ቤት የተከራየሁት እዚህ ብርድ ሀገር በገባሁ በሰባተኛ ዓመቴ ነው። ጓሮ ስል ጠባብ መሬትና አንድ የእንጨት አጥር ማለቴ ነው። ከአጥሩ ወዲያ ያሉት ጎረቤቴ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴት ናቸው። በእሳቸው በኩል ጁላይ ላይ እንጨቱ ጭራሽ አይታይም። ከላይ እስከ ታች ወይን ጠጅ አበባ ነው፤ አንዱ አበባ መዳፌን ያህላል። ምን እንደሆነ ስጠይቃቸው ክሌማቲስ የሚባል ሐረግ ነው አሉኝ። ዓይነቱ ጃክማኒ ይባላል፣ እንግሊዝ ውስጥ ተዳቅሎ እ.ኤ.አ. ከ1860ዎቹ ጀምሮ ሲተከል የኖረ ነው። በሳምንቱ እኔም አንድ ችግኝ ገዛሁ።

ምንም ሳልጠይቅ ተከልኩት። ፖቱ ውስጥ እንደነበረው፣ አፈሩን ከግንዱ እኩል አድርጌ። መደገፊያ ይሁነው ብዬም ወፍራም እንጨት አቆምኩለት። ሐረጉ ግን እንጨቱን አልያዘውም። ነፋስ በመጣ ቁጥር መሬት ላይ ይተኛል።

አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አየሁት። ክሌማቲስ እንደ ወይን የሚጠመጠም ክር የለውም። የሚይዘው በቅጠሉ አንገት ነው። ያቺ ቀጭን አንገት የሆነ ነገር ስትነካ ዞራ ትጠመጠምበታለች። ቀጭን ሽቦ ከሆነ አንድ ሁለት ዙር ዞራ ጥብቅ ትላለች። ጣት የሚያህል እንጨት ከሆነ ግን ዙሩ አይደርስላትም። እንጨቱ ላይ የዓሣ ማጥመጃ ክር ከላይ እስከ ታች ወጠርኩለት። በማግስቱ ጠዋት ስወጣ ሦስት ቅጠል ክሩን ይዞታል። ደስታዬ ልክ አልነበረውም!

በሁለተኛው ዓመት ጁን ላይ እምቡጥ በእምቡጥ ሆነ። አሥራ አንድ ቆጥሬያለሁ። ጠዋት ቀጥ ብሎ ትቼው ሄድኩ። ማታ ከሥራ ስመለስ ከላይ እስከ ታች ጠውልጎ ተንጠልጥሏል። ውሃ አጠጣሁት፣ ምንም የለም። በሦስተኛው ቀን ቅጠሉ ጠቆረ። አለቀስኩ ብል አላጋነንኩም። አካፋ ይዤ ልነቅለው ስጎነበስ ጎረቤቴ ከአጥሩ ማዶ «አትንቀዪው!» ብለው ጮኹ።

መቀሳቸውን ይዘው መጡ። ፈንገስ ነው አሉኝ፤ ትልልቅ አበባ ያላቸውን ክሌማቲሶች በአንድ ቀን የሚያጠወልግ። ግንዱን ይገድላል፣ ሥሩን ግን አብዛኛውን ጊዜ አይነካም። የጠቆረውን ሁሉ እስከ መሬት ቆረጡት። ቁርጥራጩን በላስቲክ ቋጥረው ጣሉት፣ አፈር ላይ እንዲቀር አልፈለጉም። መቀሱንም በአልኮል ጠረጉት። ከዚያ አፈሩን በጣታቸው ገለጥ አድርገው ጥፋቴን አሳዩኝ። ክሌማቲስ ሲተከል የግንዱ መነሻ ከአፈሩ በታች ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር መግባት አለበት። ያኔ ከአፈር በታች ያሉት ቡቃያዎች መጠባበቂያ ይሆናሉ። ላዩ በበሽታም በውርጭም ቢሞት ከታች ይነሳል።

አምስት ሳምንት ጠበቅኩ። ባዶ አፈር ውሃ ሳጠጣ ያየኝ ሰው ምን እንዳለ እንጃ። አንድ ቅዳሜ የክብሪት እንጨት የምታህል ቀይ ነገር አፈሩን ሰንጥቃ ወጥታ አገኘኋት። በዚያ ዓመት አላበበም። መኸር ሲገባ ቆፍሬ አወጣሁትና አጥልቄ መልሼ ተከልኩት።

ከዚያ በኋላ የከበደኝ ነገር መከርከሙ ነው። አብቦ የሚያውቅ ነገር መቁረጥ ያሳሳል። ጃክማኒ ግን የሚያብበው በዚያው ዓመት በሚያወጣው አዲስ ቅርንጫፍ ላይ ነው። ስለዚህ ብርዱ ሊያበቃ ሲል፣ ቡቃያው ማበጥ ሲጀምር፣ ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል አስቀርቼ ከጤነኛ ቡቃያ በላይ እቆርጠዋለሁ። ለብርድ ሀገር እንዲህ ያለው ዓይነት የሚመረጠውም ለዚህ ነው፤ በረዶው የገደለው ግንድ ድሮም የሚቆረጥ ነው። በጸደይ መጀመሪያ የሚያብቡት ግን ሌላ ናቸው። እምቡጣቸውን የሚይዙት ባለፈው ዓመት ግንድ ላይ ነው። እነሱን በዚያ ሰዓት መቁረጥ አበባውን መቁረጥ ነው። የተከላችሁት መቼ እንደሚያብብ ሳታውቁ መቀስ አታንሱ።

ላዩ ፀሐይ ይወዳል፣ በቀን ቢያንስ ለስድስት ሰዓት። ሥሩ ደግሞ ጥላና እርጥበት። ከፊቱ አጫጭር አበቦች ተከልኩለት። ስቆርጥ ጓንት አደርጋለሁ፣ ፈሳሹ ቆዳ ይቆጣል።

ዘንድሮ አጥሩ በእኔም በኩል አይታይም ነበር። አበባው ሲረግፍ በቦታው እንደ ላባ ያለ ብርማ ጭገር ቀረ። የመጀመሪያው በረዶ ላዩ ላይ ሲያርፍ ለእናቴ በቪዲዮ አሳየኋት። ዝም ብላ አየችና «ይሄ አዞ ሐረግ አይደል እንዴ?» አለችኝ።

አይደለም ልላት ነበር። በኋላ ሳይ ለካ እውነቷን ነው። አዞ ሐረግም ክሌማቲስ ነው፤ አበባው ነጭና ደቃቅ ይሁን እንጂ ጭገሩ ያው ነው። እናቴ በአበባው ሳይሆን በዘሩ ነው ያወቀችው።

«ሥሩን ከብርዱ ሸፍነሽዋል?» አለችኝ ቀጥላ።

«መሬቱ ደርቆ በረዶ ይሁንና ነው እማዬ፣ ቀድሜ ከሸፈንኩት አይጥ ይገባበታል።»

«እሺ፣ እንዳትረሺው።»

ቅጠሉን በሁለት ከረጢት ሰብስቤ በሩ ሥር አስቀምጬዋለሁ።