የሐይቅ ዳርቻና የቅሬው ሽማግሌዎች

ከደሴ በሚኒባስ ተነሥተን ወደ ተሁለደሬ ስናቆለቁል የጦሳ ብርድ ቀስ በቀስ ለቀቀን፤ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደ ተጓዝንም የሐይቅ ውሃ በተራሮቹ መካከል ተንጣልሎ ታየ። የሄድሁት ገዳሙን ለመሳለም ብቻ ሳይሆን፣ ኅብረተሰቡ ራሱ የሚያስተዳድረው ቱሪዝም በዚህ ሥር ሊሰድ ይችል እንደሆነ ከነዋሪዎቹ ለመስማት ነበር።

በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በዚያ ዘመን ደሴት ነበረ፤ ዛሬ ከየብስ ጋር ስለ ተያያዘ በእግር ይገባል። ሐይቁን ከላይ ከአርዲቦ ሐይቅ የሚወርደው ወንዝ ቢመግበውም ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። ስለዚህ ጎርፍ ከተራራው ጠርጎ የሚያመጣው አፈርና ከማሳ የሚታጠበው ማዳበሪያ እዚያው ይቀራል። ይህን ደለል የሚያጣራው፣ ለዓሣውም መጠለያ የሚሆነው የዳርቻው ቄጠማና ደንገል ነው፤ ባየሁት ቦታ ግን ከብት ግጦት፣ እርሻም እስከ ውሃው ጠርዝ ተጠግቶ ነበር።

ከብት ሲጠብቁ ያገኘኋቸውን አንድ አዛውንት «አባባ፣ ዳርቻው ቢከለል ምን ይላሉ?» አልኋቸው። «ልጄ፣ ከብትህን አንሣ የሚለኝ ሰው፣ የት እንደሚውል አብሮ ይንገረኝ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ጎብኚው ዓሣውን በልቶ፣ በጀልባ ዞሮ፣ ለአዳር ወደ ደሴ ሲመለስ ገንዘቡ ለምግብ ቤቱና ለባለ ጀልባው ይደርሳል፤ ግጦሹን ተው የሚባለው ገበሬ ግን ከዚያ አንዳች አያገኝም። ጥበቃው የሚጓተተው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

መፍትሔውን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እዚያው ወሎ ውስጥ፣ በመቄት፣ ገበሬዎች የእንግዳ ማረፊያ ጎጆዎችን በጋራ ይዘው በእግር የሚጓዙ እንግዶችን ያስተናግዳሉ። በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ደግሞ የጓሳ ሣር ቀሮ በሚባለው የአካባቢው ባህላዊ ሥርዓት ለዓመታት ተከልሎ፣ በጋራ ውሳኔ ሲከፈት ይታጨድ ነበር፤ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ቢዳከምም ነዋሪዎቹ ጥበቃውን አልተዉትም፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም እዚያ ይኖራሉ። ሁለቱም ቦታዎች የሚያሳዩት፣ ደንቡንም ገቢውንም የያዘው ነዋሪው ሲሆን ጥበቃው እንደሚጸና ነው።

ለሐይቅ ይህን ሸክም ሊሸከም የሚችለው ቅሬው፣ ሌላው አገር ዕድር የሚለው፣ ነው ብዬ አምናለሁ። ሕዝቡን ለቀብር ያሰባስባል፤ መዋጮ ይሰበስባል፤ የቀረውን ይቀጣል፤ ሰውም ቅጣቱን ይቀበላል። አዲስ ማኅበር አቋቁሞ ይህን ያህል አመኔታ ለማግኘት ብዙ ዘመን ይጠይቃል። አሳቡን ለቅሬው ሽማግሌዎች ሳቀርብ አልተቃወሙም፤ ነገር ግን ከጀልባና ከመግቢያ ክፍያው የተወሰነው ወደ ቅሬው ሣጥን እንዲገባ፣ የተከለለው ሣርም በተራ እየታጨደ ከብቱን ላነሣው ሰው በቅድሚያ እንዲሰጥ፣ ይህም አንድ ከብት ከመነሣቱ በፊት በጽሑፍ እንዲሰፍር ጠየቁ።