ጥፋተኛ የማይጠብቀው ኢንሹራንስ፦ የሦስተኛ ሳምንት ማስታወሻዬ

ኢንሹራንስ ማጥናት የጀመርኩት በአንዲት ባጃጅ ሰበብ ነው። ከመጋላ ወደ ከዚራ ስሻገር ከጎን ገባችብኝ። የመኪናዬ በር ተጨረመተ፣ ክርኔም ተመታ። ሰው ተሰበሰበና ግማሹ ለእኔ፣ ግማሹ ለባጃጁ ፈረደ። ትራፊክ እስኪመጣ በዚያ የድሬ ፀሐይ ላብ በላብ ሆነን ቆምን። ማታ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ላለችው የአክስቴ ልጅ ስነግራት፣ «አቦ፣ ክርንህን የራስህ ኢንሹራንስ አያሳክምህም እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ማንበብ ነው።

የእነሱ ኢንሹራንስ «ኖ ፎልት» (ያለ ጥፋት) ሲባል ማንም ጥፋተኛ አይባልም ማለት መስሎኝ አንድ ሳምንት ሙሉ ባከንኩ። ለካ ጥያቄው ሌላ ነው፤ ለተጎዳው ሰው መጀመሪያ የሚከፍለው ማነው? በተለመደው አሠራር ያጠፋው ሰው ኢንሹራንስ ነው። ስለዚህ ጥፋቱ እስኪለይ መጠበቅ አለ። በኖ ፎልት ግን ማንም ያጥፋ ማን፣ የተጎዳው ወደ ራሱ ኢንሹራንስ ይሄዳል። ሚኒሶታ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ እንዲህ ነው። ዝቅተኛው ሽፋን ለአንድ ሰው 40 ሺህ ዶላር ነው፤ ግማሹ ለሕክምና፣ ግማሹ ከሥራ ሲቀር ለሚያጣው ገቢና ለመሳሰለው።

በነጻ ግን አይደለም። ለሥቃዩ ካሳ ብሎ ሌላውን ሾፌር መክሰስ የሚቻለው ጉዳቱ ከበድ ሲል ነው፤ ለምሳሌ የሕክምናው ወጪ ከ4 ሺህ ዶላር ሲያልፍ ወይም ጉዳቱ ዘላቂ ሲሆን። የተጨረመተው በርስ? ለእሱ እዚያም ጥፋተኛ ይፈለጋል። ይህን ሁለቴ ነው የጠየቅኳት፣ አላመንኩም ነበር።

ሌላዋ የአሜሪካ ግዛት ቨርጂኒያ ደግሞ በአሮጌው፣ ያጠፋው በሚከፍልበት መንገድ ነው፣ ያውም በከፋው። ተጎጂው ራሱ ትንሽ እንኳ አጥፍቶ ከተገኘ ካሳው ሊቀርበት ይችላል።

በዚህ ሳምንት ወደ እኛው ሕግ ዞርኩ። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ስሙ እንደሚለው ለሌላው ሰው ነው፤ የእኔ ውል ክርኔን አያውቃትም። የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ስከፍት ግን ቡናዬ ቀዘቀዘ። አንቀጽ 2084 ሁለት መኪና ከተጋጨ ሁለቱም እኩል እንዳደረሱት ይቆጠራል፣ ባለቤቶቹም ጉዳቱን ግማሽ በግማሽ ይሸከማሉ ይላል። ይህ የሚቀረው ግጭቱ በሙሉ ወይም በአብዛኛው በአንደኛው ሾፌር ጥፋት መድረሱ ሲረጋገጥ ነው። ትራፊኩ የሚያነሳው ፕላን (የአደጋው ንድፍ) ለምን ያን ያህል እንደሚያጨቃጭቅ አሁን ነው የገባኝ። እኔ እኮ ያን ቀን ቶሎ ይለቀኝ ብዬ ሳላየው ልፈርም ነበር!

ቀጣዩ የቤት ሥራዬ ለሾፌሩ የሚጨመር ሽፋን ስንት እንደሚያስከፍል መጠየቅ ነው። የበሩ ነገር ገና አልተቋጨም። የባጃጁ ልጅ ግን ሲያየኝ ከሩቁ ክላክስ ያደርግልኛል።